ጧሪም ቀባሪም እንሁን፦ ለሲያትል እድሮች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ በሲያትልና በአካባቢዋ ለሚገኙ የኢትዮጵያውያን እድሮችና የሴቶች ማኅበራት
ግልባጭ፦ ለሲያትል ከተማ የቤቶች ጽሕፈት ቤት
ጉዳዩ፦ የአይሁድ ሴቶች በበጎ ፈቃድ ያቋቋሙትን የአረጋውያን መኖሪያ አብነት አድርገን ሥራ እንድንጀምር ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የእድር ዳኞች፣ ጸሓፊዎችና ገንዘብ ያዦች፤ የተከበራችሁ እናቶቼና እኅቶቼ፤

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሣሣኝ የእናቴ ስም ከአንድ የአረጋውያን አፓርትመንት ወረፋ መሰረዙን ያወቅሁበት ቀን ነው። እናቴ በወንድሜ ቤት ቤዝመንት ውስጥ እየኖረች ከሦስት ዓመት በላይ ተራዋን ስትጠብቅ ቆይታለች። ከዕለታት አንድ ቀን ከዚያ ቤት አስተዳደር በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ መጣላት፤ የሚለውም «ቤቱን አሁንም የሚፈልጉ ከሆነ በ10 ቀን ውስጥ መልስ ይስጡ» ነበር። እርሷ ግን ማንበብ ስለማትችል ፖስታውን እንደ ልማዷ ዳዊቷ ውስጥ አስቀምጣ፣ ከሥራ ተርፌ እስክመጣላት ድረስ ጠበቀች። በደረስኩ ጊዜ አሥሩ ቀን አልፎ ነበር። ስልክ ደውዬ ብለምንም ወረፋው እንደገና ከመጨረሻው እንደሚጀምር ተነገረኝ። እናቴ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ከቡና ዕቃዎቿ ለይታ ለአዲሱ ቤት ያስቀመጠቻቸውን ሲኒዎች ብቻ ወደ ቦታቸው መለሰች።

ያንን ቤት ለመውቀስ አልጽፍም። ሌላ ወረፋ ፍለጋ በከተማው ውስጥ ያሉትን የአረጋውያን አፓርትመንቶች አንድ በአንድ ስጠይቅ፣ ቀደም ሲል ጨርሶ አስቤው የማላውቀው ጥያቄ መጣብኝ፤ እነዚህን ቤቶች ለመሆኑ ማን ሠራቸው? መንግሥት ነው ብዬ አምን ነበር። የበርካታዎቹ ታሪክ ግን ከመንግሥት ቢሮ እንደማይጀምር ተረዳሁ፤ የሚጀምረው እንደ እኛ ማኅበር ከጠጡ፣ መዋጮ ካዋጡና ስብሰባ ከተቀመጡ ሰዎች ነው። ከእነዚህም መካከል ልቤን የነካው፣ ለእናንተም ልነግራችሁ የፈለግሁት፣ በካፒቶል ሂል ሠፈር በ17ኛው ጎዳና ላይ የሚገኘው ካውንስል ሃውስ የተባለው መኖሪያ ነው።

ካውንስል ሃውስ ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ አረጋውያን ራሳቸውን ችለው የሚኖሩበት፣ ከመቶ በላይ አፓርትመንቶች ያሉት ሕንፃ ነው። ያቋቋሙት የአይሁድ ሴቶች ብሔራዊ ምክር ቤት የተባለው ማኅበር የሲያትል ቅርንጫፍ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እነዚህ ሴቶች ደመወዝ የሚከፈላቸው የመንግሥት ሠራተኞች አልነበሩም፤ ቤት ሠርቶ መሸጥም ሥራቸው አልነበረም። ማኅበራቸው ጥንቱን የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1893 በቺካጎ ከተማ በተደረገው ታላቅ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ፣ ሐና ሶሎሞን በተባለች ሴት አነሣሽነት ሲሆን (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ወደ ሲያትል የደረሰው በ1900 ነው።

በዚያን ጊዜ ሲያትል የስደተኛ ከተማ ነበረች። ከምሥራቅ አውሮፓ ጭቆናንና ግድያን ሸሽተው ዪዲሽ ተናጋሪ አይሁድ ይመጡ ነበር፤ ከ1902 ጀምሮ ደግሞ ከቱርክና ከሮድስ ደሴት ላዲኖ የሚናገሩት መምጣት ያዙ። ሁለቱም በአንድ እምነት ሥር ቢሆኑም ቋንቋቸው የማይግባባ፣ ምግባቸውና ዜማቸው የተለያየ ነበር፤ ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ቀደም ብለው መጥተው ኑሯቸው የተደላደለላቸው የአይሁድ ሴቶች ለአዲሶቹ በ1906 የሠፈር መረዳጃ ቤት ከፈቱላቸው። በዚያ ቤት የልብስ ስፌት ትምህርት ይሰጥ ነበር፤ ቀን ሲሠሩ የሚውሉትም በማታ እንግሊዝኛ ይማሩበት ነበር። ቤታቸው መታጠቢያ ለሌለው ሁሉ ደግሞ ነፃ መታጠቢያ ተዘጋጅቶ ነበር። ስለዚህ መታጠቢያ ባነበብኩ ጊዜ ለብዙ ደቂቃ ቆሜ አሰብኩበት። ለድኻ ምን ይበጀዋል ብሎ ከሩቅ የሚያስብ ሰው መታጠቢያ አይታሰበውም፤ ይህ የሚታሰበው ቤቱ ድረስ ገብቶ ያየ ሰው ነው።

ያ መረዳጃ ቤት እስከ ዛሬ አለ። ስሙ ኔበርሁድ ሃውስ ነው፤ የስለር ቴራስ፣ ኒው ሆሊ ወይም ሃይ ፖይንት በሚባሉት የሲያትል ሠፈሮች የኖረ ኢትዮጵያዊ ስሙን አያጣውም። ከእኛ መካከል ልጁን በዚያ የሕፃናት ትምህርት ያስመዘገበ፣ ለዜግነት ፈተና የተዘጋጀ ወይም ቅጽ ያስሞላ ብዙ ሰው አለ፤ ከ100 ዓመት በፊት የተከፈተለት ለማን እንደሆነ ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ከመሥራቾቹ አንዷ ባቤት ሽዋባኸር ጋትዘርት ነበረች። ባሏ ቤይሊ ጋትዘርት በ1870ዎቹ የሲያትል ከንቲባ የነበረ ሲሆን፣ የእኛም ልጆች የተማሩበት በየስለር አጠገብ ያለው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በእርሱ ስም ይጠራል። የባልየው ስም በሕንፃ ላይ ተጽፏል፤ የሚስትየዋ ሥራ ግን ያለ ስሟ እስከ እኛ ደርሷል።

የእነዚህን ሴቶች ታሪክ ሳነብ ከሁሉ ይልቅ ያስተዋልኩት ሥራቸው ከሚያገለግሏቸው ሰዎች ዕድሜ ጋር አብሮ ማደጉን ነው። በ1906 በዚያ ቤት መርፌ መያዝ የተማረች የ10 ዓመት ልጅ በ1960 የ64 ዓመት ሴት ነበረች። ልጆቿ ወደ ሌላ ሠፈር ሄደዋል፤ ባሏ ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ የምትኖርበት የድሮ ቤት ደረጃው ይበዛባታል፤ ኪራዩም ከጡረታዋ በላይ ነው። ለታመሙና ለደከሙ አረጋውያን የሲያትል አይሁድ ከዚያ ቀደም መላ አበጅተዋል፤ ካሮላይን ክላይን ጋላንድ የተባለች ሴት ባወረሰችው ገንዘብ የተቋቋመው የአረጋውያን ቤት በ1914 ተከፍቶ ነበር። ያልነበረው ጤነኛ ሆና፣ የራሷን ወጥ እየሠራች፣ በሯን በራሷ ቁልፍ እየከፈተች መኖር ለምትችልና ገንዘብ ብቻ ላነሳት ሴት የሚሆን ቤት ነው። የማኅበሩ ሴቶች የሞሉት ይህን ክፍተት ነው። በኦሃዮ ግዛት ክሊቭላንድ አጠገብ ያለው የዚሁ ማኅበር ቅርንጫፍም በተመሳሳይ መንገድ ካውንስል ጋርደንስ የተባለውን የአረጋውያን መኖሪያ አቋቁሟል።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ስለ እኛ ልናገር። የእኔን እናት ጨምሮ ብዙ ሰው «የአረጋውያን ቤት» ሲባል ይደነግጣል። በአገራችን እንዲህ ያለ ቦታ የሚገባው ጧሪ ቀባሪ ያጣ ሰው ነውና፣ ልጅ እያላት እናት ወደዚያ ሄደች ከተባለ ለቤተሰቡ ሁሉ እንደ ነውር ይቆጠራል። እኔም «ሰው ምን ይላል» ብዬ ማመልከቻውን ሁለት ዓመት አዘግይቻለሁ፤ ዛሬ የሚቆጨኝም ይህ ነው። ራስን ችሎ የሚኖርበት አፓርትመንት መጦሪያ አይደለም። ነርስ የለበትም፤ የመመገቢያ ደወልም አይደወልበትም። ነዋሪዋ የኪራይ ውል የምትፈርም ተከራይ ናት፤ ምጣዷን ትጥዳለች፣ ቡናዋን ታፈላለች፣ እንግዳ ትቀበላለች። ልዩነቱ ሕንፃው ሊፍት ያለው፣ ጎረቤቶቿ የዕድሜ እኩዮቿ፣ ኪራዩም አቅሟን የሚያይ መሆኑ ነው። ብዙዎቹ ቤቶች የነዋሪዎችን ጉዳይ የሚከታተል፣ ደብዳቤ የሚያነብላቸውና ከሐኪምና ከመንግሥት ቢሮ ጋር የሚያገናኛቸው የአገልግሎት አስተባባሪም አላቸው። በቤዝመንት ውስጥ ልጅና የልጅ ልጅ ከሥራና ከትምህርት እስኪመለሱ ለአሥር ሰዓት ብቻዋን መስኮት የምታይ እናት ከልጆቿ ጋር ትኖራለች ማለት ራሳችንን ማታለል ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ ደግሞ በደንብ መረዳት ያለብን ነገር አለ። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1959 ያወጣው የቤቶች ሕግ 202ኛ ክፍል፣ ለአረጋውያን መኖሪያ ለሚሠሩ ለትርፍ ላልቆሙ ድርጅቶች መንግሥት በዝቅተኛ ወለድ ለረጅም ዘመን የሚከፈል ብድር እንዲሰጥ ፈቀደ፤ ከ1990 ወዲህ ደግሞ ብድሩ ቤቱ ለድኻ አረጋውያን እስካገለገለ ድረስ የማይመለስ ገንዘብ ሆነ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ መንግሥት ገንዘብ ያቀርባል እንጂ ቤቱን እርሱ ራሱ አይሠራውም፣ አያስተዳድረውምም። ገንዘቡ ባለቤት ይፈልጋል። የሚፈርም ቦርድ፣ የተመዘገበ ድርጅት፣ መሬት የሚያፈላልግ ሰው፣ በየዓመቱ ሒሳብ የሚያስመረምር ገንዘብ ያዥ ይፈልጋል። የቦርድ አባላቱም ከቤቱ አንዳች ጥቅም ማግኘት አይፈቀድላቸውም። በመላው አገሪቱ አብያተ ክርስቲያናት፣ ምኩራቦች፣ የሠራተኛ ማኅበራትና የሴቶች ማኅበራት ይህን ሸክም ተሸክመው ነው ብዙው የአረጋውያን ቤት የተሠራው። ገንዘቡ የሁሉም ነበር፤ ያገኙት ግን ተደራጅተው የጠየቁት ናቸው።

የኪራዩ አሠራርም እንዲሁ ልብ የሚባል ነው። በዚህ ዓይነቱ የመንግሥት ድጎማ ሥር ባለ ቤት ነዋሪው የሚከፍለው ከተጣራ ገቢው 30 በመቶውን ነው። በ2025 አንድ ሰው ከፌዴራሉ መንግሥት የሚያገኘው ከፍተኛው ኤስ ኤስ አይ (ገቢ ለሌላቸው አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጠው ወርኃዊ ድጎማ) በወር 967 ዶላር ስለነበረ፣ በዚህ ገንዘብ ብቻ የምትኖር እናት የምትከፍለው 290 ዶላር ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነበር። በቅርብ ዘመን የሚሠሩት ብዙዎቹ ቤቶች ግን በታክስ ክሬዲት፣ ማለትም መንግሥት ለባለሀብቶች በሚሰጠው የግብር ቅናሽ፣ የሚሠሩ ናቸው። የእነዚህ ኪራይ የሚተመነው በነዋሪዋ ገቢ ሳይሆን በአካባቢው መካከለኛ ገቢ ስለሆነ፣ ሀብታም በሆነው በኪንግ ካውንቲ «ተመጣጣኝ» የሚባለው ኪራይ በብዙዎቹ ክፍሎች ከ1,000 ዶላር በላይ ነው፤ ቫውቸር የሚባለው የመንግሥት የኪራይ ድጋፍ ከሌላት የእናቴን ሙሉ ገቢ ወስዶም አይበቃውም። «አፎርዴብል» (ተመጣጣኝ) የሚለው ቃል ሁለቱንም ስለሚሸፍን ብዙ ቤተሰብ ተስፋ አድርጎ ይሄድና አዝኖ ይመለሳል።

የበጎ ፈቃደኞቹ ባለቤትነት ያመጣው ሌላ ጥቅምም አለ። ካፒቶል ሂል ዛሬ የመሬት ዋጋ ሰማይ የነካበት ሠፈር ነው። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ በመንግሥት ብድር ቤት የሠሩ የግል ባለሀብቶች በየከተማው ዕዳቸው ሲያልቅና ውላቸው ሲፈታ ቤቱን ወደ ገበያ ኪራይ የመለሱበት ጊዜ ብዙ ነው። ለአረጋውያን ሲል የተቋቋመ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ግን የሚሸጥበት ምክንያት የለውም፤ ዓላማው ሕንፃው ውስጥ ያሉት ሰዎች ናቸውና። ሴቶቹ ያወረሱን ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል። ቤቱንም ለወገኖቻቸው ብቻ አልዘጉትም፤ የመኖሪያ ቤት ሕጉም በሃይማኖትና በዘር መለየትን ይከለክላልና ዛሬ የማንኛውም እምነት ሰው ያመለክትበታል።

ወደ እኛው ልመለስ። እኛ ከባዶ አንጀምርም። በሬኒየር ቢች ሠፈር «የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ በሲያትል» የተባለው ማኅበራችን ሂውማንጉድ ከተባለው ልምድ ካለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ጋር ተባብሮ ኢትዮጵያን ቪሌጅ የተባለውን፣ ዕድሜያቸው 62 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ አረጋውያን የሚያገለግል 90 አፓርትመንቶች ያሉት ሕንፃ አቁሟል። ለዚህ የደከሙትን ሁሉ እግዚአብሔር ያክብራቸው፤ እንደማይቻል ይታሰብ የነበረው እንደሚቻል አሳይተውናል። ነገር ግን 90 ቤት ለስንት እናት ይበቃል? በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሱዳንን አቋርጠው የመጡት የመጀመሪያዎቹ ስደተኞቻችን ዛሬ አርጅተዋል፤ በ1983 በ30 ዓመቷ የመጣች እኅታችን በ2025 72 ዓመቷ ነው። በሆስፒታል ጽዳት፣ በመኪና ማቆሚያና በሆቴል አልጋ ማንጠፍ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰዎች ናቸው፤ ከእነርሱ ኋላ ደግሞ ልጆቻቸው ያመጧቸው፣ እንግሊዝኛ የማይችሉ፣ እንደ እናቴ ያሉት አሉ። የአይሁድ ሴቶች ያን ጊዜ የደረሱበት ሰዓት ላይ እኛ አሁን ደርሰናል።

እድሮቻችን ቀብር ላይ እንከን የለባቸውም። ሰው በሞተ በሰዓታት ውስጥ ስልክ ይዞራል፣ ወንበርና ድስት ይወጣል፣ አስከሬን ወደ አገር ቤት የሚሸኝበት ገንዘብ ተቆጥሮ ይከፈላል፤ ይህን ሁሉ የሚያከናውኑት ቀን ሥራ ውለው ማታ ስብሰባ የሚቀመጡ፣ ሣንቲም የማይከፈላቸው ሰዎች ናቸው። ወጥ ቤቱንና መዝገቡን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዙት ሴቶቻችን ናቸው። ታዲያ አባቶቻችን «ጧሪ ቀባሪ» ሲሉ ሁለት ነገር አንድ ላይ መናገራቸው ነበር። እኛ ቀባሪነቱን በሚገባ ይዘን ጧሪነቱን ለየቤተሰቡ ትተነዋል፤ ቤተሰቡ ደግሞ በሁለት ሥራ መካከል ተወጥሮ አልቻለም። የካውንስል ሃውስ መሥራቾች ከእኛ እናቶች የበለጠ ያላቸው ብልሃት ወይም ቆራጥነት እምብዛም አይታየኝም፤ ገንዘብም ቢሆን አብዛኛው የሕዝብ ገንዘብ ነው። እነርሱ ያደረጉትና እኛ ያላደረግነው ጉዳዩን በአጀንዳ ይዞ ስብሰባ መቀመጥ ነው።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ እድርና ለእያንዳንዱ የሴቶች ማኅበር በትሕትና የምጠይቀው፣ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ይህን ጉዳይ በአጀንዳ እንድታስይዙ፣ ከየእድሩ ሁለት ሁለት ሴቶች የተወከሉበት አንድ የጋራ ኮሚቴ እንድታቋቁሙ ነው። ኮሚቴው መጀመሪያ በየቤቱ ያሉትን አረጋውያን ይቁጠር፤ ዕድሜያቸውን፣ የሚኖሩበትን ሁኔታ፣ በየትኛው ወረፋ እንዳሉ ይመዝግብ። ማንም ባለሥልጣን ሊሰጠን የማይችለውን ቁጥር የእድር መዝገብ በሁለት ወር ውስጥ ሊሰጠን ይችላል። ከዚያም ኢትዮጵያን ቪሌጅን ያቆሙትን ወንድሞችና እኅቶች ልምድ እንጠይቅ፤ ቤት ሠርቶ የሚያውቅ ድርጅት ለአጋርነት እናፈላልግ፤ አጋር ስንዋዋል ግን በቦርዱ ላይ የኛ ሴቶች ድምፅ ያላቸው አባላት እንዲሆኑ አስቀድመን እንጠይቅ። ሕንፃ እስኪቆም ድረስ ዓመታት ይወስዳል፤ እስከዚያው ደግሞ በየእድሩ ሁለት ወጣቶች ተመድበው የአረጋውያኑን ደብዳቤ በየሳምንቱ ቢያነቡላቸው የአንድም እናት ስም አይሰረዝም።

ለከተማው የቤቶች ጽሕፈት ቤትም ጥቂት ቃል አለኝ። የዚህች ከተማ ሕዝብ ከ1981 ጀምሮ ለአረጋውያንና ለድኾች መኖሪያ የሚሆን ግብር በድምፁ እያጸደቀ ኖሯል፤ በ2023ም የ970 ሚሊዮን ዶላር የሰባት ዓመት ዕቅድ አጽድቋል። ኢትዮጵያውያንም ይህን ግብር እንከፍላለን፤ ቤት ላለን ከንብረት ግብራችን፣ ለተከራየን ከኪራያችን ይወጣል። ከዚህ ገንዘብ በሚረዱ ቤቶች ሁሉ የወረፋ ማሳወቂያ በአመልካቹ ቋንቋ እንዲላክ፣ ከመሰረዙ በፊትም በስልክ እንዲጠየቅ በውላችሁ ውስጥ እንድታስገቡልን እለምናለሁ። ኪራያቸው በነዋሪው ገቢ ልክ የሚሆን ክፍሎች በእያንዳንዱ የአረጋውያን ሕንፃ ውስጥ እንዲበዙም እጠይቃለሁ። ደግሞም ገና ቦርዱን በማቋቋም ላይ ላለ ማኅበር ለጠበቃና ለጥናት የምትሆን አነስተኛ መነሻ ገንዘብ ብትመድቡ፣ የአይሁድ ሴቶች ከተማዋን እንደጠቀሙ የእኛም ሴቶች ይጠቅሟታል።

እኔ በበኩሌ በእድሬ ውስጥ የአረጋውያኑን ቆጠራ ለመጀመር ፈቃደኛ መሆኔን በዚህ ደብዳቤ አሳውቃለሁ። እናቴም በአሁኑ ጊዜ በአራት ወረፋዎች ላይ ተመዝግባለች፤ ፖስታ በመጣ ዕለት ዳዊቷ ውስጥ ከማስገባቷ በፊት የምትደውልላቸውን የሁለት የእድራችን ልጆች ስልክ ቁጥር በትልልቅ አኃዝ ጽፌ ከማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፌላታለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በሲያትል ነዋሪ የሆነች የእድር አባል